የሐረር ጁገል የእግር ጉብኝት

የሐረር ጁገል የእግር ጉብኝት በምሥራቅ ኢትዮጵያ በምትገኘው በሐረር ከተማ፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ክፍል ውስጥ በአስጎብኚ መሪነት የሚደረግ ጉብኝት ነው። ጁገል የግንቡ ስም ነው፤ በልማድ ግን በግንቡ ውስጥ ያለው ከተማ ሁሉ ጁገል ይባላል። ስፋቱ 48 ሄክታር ያህል ብቻ በመሆኑ መንገዱን የሚያውቅ እግረኛ ከአንዱ በር ገብቶ በሌላው ለመውጣት ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ጉብኝቱ ግን ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን ይወስዳል። እንደ አክሱም ሐውልት ወይም እንደ ጎንደር ግንብ ብቻውን ቆሞ «ሐረር ይህ ነው» የሚያሰኝ አንድ ሕንፃ በጁገል የለም። የሚጎበኘው በርን ከገበያ፣ ገበያን ከሰፈር፣ ሰፈርን ከቤት የሚያያይዘው የከተማው አሠራር ነው። በተጨማሪም አብዛኛው ቦታ ሁለት ስም ወይም ሁለት ታሪክ አለው፤ አንዱ የነዋሪው፣ ሌላው ከውጭ የመጣው ሰው ነው። ጎብኚው ይህን አስቀድሞ ካወቀ የሚነገረውን ሁሉ በየቦታው ለማስቀመጥ አይቸገርም።

ከተማዋና ስሟ

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ነባሮቹ ነዋሪዎች፣ ማለትም ሐረሪዎች፣ በራሳቸው ቋንቋ ከተማዋን «ጌይ» ይሏታል። የቃሉ ትርጉም በቀጥታ «ከተማ» ማለት ነው። ራሳቸውንም «ጌይ ኡሱእ»፣ የከተማ ሰው፣ ቋንቋቸውንም «ጌይ ሲናን»፣ የከተማ ቋንቋ፣ ይላሉ። ሌላ መለያ አላስፈለጋቸውም፤ በዙሪያው ከተማ የነበረችው እርሷ ብቻ ነበረችና። ቋንቋው እንደ አማርኛ ከሴማውያን ቋንቋዎች የሚመደብ ሲሆን በዙሪያው ከሚነገሩት ከኦሮምኛና ከሶማልኛ የተለየ ነው።

ሐረር በ1512 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1520) ገደማ የአዳል ሱልጣኔት መናገሻ ሆነች። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ጦርነት ከሞቱ በኋላም የአካባቢው እስላማዊ መንግሥት ማዕከል ሆና ቀጠለች። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ራሳቸውን በቻሉ አሚሮች ትተዳደር ነበር። ከዚያም የግብጽ ጦር (ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም.)፣ ለአጭር ጊዜ የመጨረሻው አሚር አብዱላሂ፣ ቀጥሎም በ1879 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1887) የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ያዟት። ዩኔስኮ ጁገልን በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ግንቡ

ግንቡን ያሠሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የነገሡት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሒድ ናቸው። አሚር ኑር የኢማም አሕመድ የእህት ልጅ ሲሆኑ የኢማሙን ባለቤት ባቲ ድል ወንበራን አግብተዋል። በ1551 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1559) ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ተዋግተው ድል አደረጉ፤ ንጉሡም በውጊያው ሞቱ። ድሉ ግን ለሐረር ዕረፍት አላመጣላትም። የረጅሙ ጦርነት ያደከመውን አገር የኦሮሞ መስፋፋት እየደረሰበት ስለነበር ከተማዋ መከላከያ አስፈለጋት። ስለዚህ ጁገል የኃያልነት ዘመን ማሳያ ተደርጎ ሲነገር ቢሰማም፣ የተሠራው ከተማዋ ግዛቷ እየጠበበባት በሄደበት ጊዜ ነው። አሚሩ ከተማዋን በሩቅ ማስጠበቅ ሲያቅታቸው በቅርብ አጠሯት።

የግንቡ ዙሪያ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከፍታው 4 ሜትር ገደማ ነው። የተሠራው ከአካባቢው በወጣ ድንጋይና በጭቃ ነው። ጭቃው በየክረምቱ ስለሚታጠብ ግንቡ ያለማቋረጥ ይጠገናል፤ ጎብኚው ዛሬ የሚያየው የአሚር ኑር ድንጋይና የቅርብ ጊዜ እድሳት የተደባለቀበት ነው። ከግንቡ ሥር አለፍ አለፍ ብሎ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይታያሉ። በሐረሪ «ወራባ ኑዱል»፣ የጅብ ቀዳዳ፣ ይባላሉ። ቀን የዝናብ ውኃ ይወጣባቸዋል፤ ሌሊት በሮቹ ሲዘጉ ጅብ ገብቶ የቀኑን ጥራጊ ይበላባቸዋል። የከተማ ግንብ ሲሠራ ለአውሬ መግቢያ መተው እንግዳ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ቆሻሻ የሚያነሣ ሌላ ባልነበረበት ጊዜ ጅቡ የጽዳት ሠራተኛ ነበር።

በሮቹ

የጁገል ጥንታውያን በሮች አምስት ናቸው። አስጎብኚዎች ቁጥሩን ከአምስቱ የእስልምና መሠረቶች ጋር ማዛመድ ይወዳሉ። ይበልጥ ተጨባጩ ምክንያት እያንዳንዱ በር ወደ አንድ የንግድ መንገድ መውጫ መሆኑ ነው። የበሮቹን ስም ማወዳደር ብቻውን ብዙ ያስተምራል።

በሰሜን ያለው በር በሐረሪ አሱም በሪ፣ በአማርኛ ፈላና በር ይባላል። የምሥራቁ አርጎብ በሪ ወይም ኤረር በር ወደ ኤረር ሸለቆ ያወጣል። ሱቁጣጥ በሪ በአማርኛ ሰንጋ በር የተባለው የከብት ገበያ ስለነበረበት ነው። በደቡብ በኩል ያለው በድሪ በሪ ቡዳ በር ይባላል፤ በአቅራቢያው ቀጥቃጮች ይሠሩ ስለነበር ነው ይባላል። ብረት ቀጥቃጭን ቡዳ ማለት ከደጋው የመጣ የቆየ ጭፍን እምነት ስለሆነ ስሙ ስለ ሰፈሩ ሰዎች ከሚናገረው ይልቅ ስለ ስም አውጪው የሚናገረው ይበዛል። አምስተኛው አስመዲን በሪ ወደ ሸዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ስላለ ሸዋ በር ሆኗል። ባጠቃላይ የሐረሪው ስም ከውስጥ ሆኖ ሰፈሩን ይጠራል፤ የአማርኛው መንገዱን፣ ገበያውን ወይም ከውጭ የሚታየውን ይጠራል። ኦሮምኛና ሶማልኛ ተናጋሪዎችም የየራሳቸው ስሞች አሏቸው።

በአሚሮቹ ዘመን በሮቹ ማታ ይዘጉና ቁልፎቹ ወደ አሚሩ ይወሰዱ ነበር። ወደ ከተማዋ የሚገባ እንግዳ መሣሪያውን በር ላይ ለዘበኞች አስረክቦ ያልፍ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥር 1855) ወደ ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ያህል ቆይቷል። የጉዞ መጽሐፉ ሐረርን በአውሮፓ አስተዋወቀ፤ አውሮፓውያን ሐረርን «የተከለከለች ከተማ» ማለት የለመዱትም በእርሱ ምክንያት ነው። ለአረብ፣ ለሶማሌ፣ ለአርጎባና ለኦሮሞ ነጋዴ ግን ከተማዋ የተከለከለች አልነበረችም፤ የኖረችው በእነርሱ ንግድ ነው።

ስድስተኛ በርም አለ። ሐረር በር ወይም ዱክ በር ይባላል፤ ከአምስቱ በጣም ዘግይቶ ለተሽከርካሪ የተከፈተ ሰፊ በር ነው። አብዛኛው ጉብኝት የሚጀመረው ከዚህ ነው። ጥንታዊ ባለመሆኑ ቢናቅም ከዚህ መጀመር አንድ ጥቅም አለው፤ ቀጥ ብሎ የሚወስደው የከተማዋ የሥልጣን ለውጥ ሁሉ ወደሚታይበት አደባባይ ነው።

ፈረስ መጋላ

«መጋላ» ገበያ ማለት ነው፤ ፈረስ መጋላ የፈረስ ገበያ ነበር። ዛሬ ፈረስ የለም። ቦታውን የያዙት ባጃጆች፣ የጫት ሻጮችና ሐረር ከሌላው ከተማ ይልቅ ረጅም ጊዜ ያቆየቻቸው አሮጌዎቹ ፔጆ 404 ታክሲዎች ናቸው።

አደባባዩ ላይ ቆሞ ዙሪያውን መመልከት የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ታሪክ እንደማንበብ ነው። ግብጾች ከተማዋን በያዙባቸው አሥር ያህል ዓመታት እዚህ መስጊድ ሠርተው ነበር። የምኒልክ ጦር በታኅሣሥ ወር 1879 ዓ.ም. በጨለንቆ የአሚር አብዱላሂን ጦር ድል ካደረገ በኋላ በመስጊዱ ቦታ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ታነጸ። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም በአደባባዩ ጎን ይገኛል። በአደባባዩ ላይ ደግሞ በጨለንቆ ለወደቁት ሐረሪዎች መታሰቢያ ቆሟል። ሁለቱ በአንድ ዐይን እይታ ውስጥ ናቸው። አንዱን ብቻ አሳይቶ የሚያልፍ አስጎብኚ ታሪኩን በግማሽ ነው የሚተወው።

ምኒልክ ሐረርን እንዲያስተዳድሩ የሾሟቸው በኋላ ራስ የሆኑት መኮንን፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባት፣ ናቸው። እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1898 ዓ.ም. ድረስ ሐረርን ገዝተዋል። ሠዓሊውና ቀራፂው አፈወርቅ ተክሌ የሠራው በፈረስ ላይ የተቀመጠ የነሐስ ሐውልታቸው ከጁገል ውጭ በስማቸው በተጠራው አደባባይ ቆሞ ነበር። ሐውልቱ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት ወቅት ፈርሷል። የጨለንቆን ጦርነት አንዱ እንደ አንድነት፣ ሌላው እንደ ወረራ እንደሚያስታውሰው ከዚህ በላይ ግልጽ የሚያደርግ ነገር በከተማዋ ማግኘት ያስቸግራል።

መኪና ግርግር

ከፈረስ መጋላ ወደ ከተማዋ መሐል የሚወርደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። መኪናው የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ግርግሩም ድምፁ። በግራና በቀኝ ልብስ ሰፊዎች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይሠራሉ። ከላያቸው የጨርቅ ሱቆች ቀለም በቀለም የሆነውን ጨርቅ ይዘረጋሉ። ጨርቁን መርጦ የገዛ ሰው ለአንዱ ሰፊ ሰጥቶ ከተማዋን ዞሮ ሲመለስ ሥራው አልቆ ያገኘዋል። በጁገል ውስጥ ጆሮ ከዐይን ቀድሞ የሚያገኘው ሰፈር ይህ ነው።

ከዚህ መንገድ ወደ ጎን በሚገቡት ስርጦች ሁለት የታወቁ ቤቶች አሉ። የመጀመሪያው «የራምቦ ቤት» የሚባለው ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥም መጻፍ ካቆመ በኋላ በ1873 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1880) የአንድ የንግድ ድርጅት ወኪል ሆኖ ሐረር ገባ። እየተመላለሰ እስከ 1883 ዓ.ም. ቡናና ቆዳ ነገደ፤ ለምኒልክም ጠመንጃ ሸጧል። በመጨረሻ በእግሩ ላይ በወጣበት ዕጢ ምክንያት መራመድ ስላቃተው በቃሬዛ ተሸክመውት ወደ ባሕር ወረደ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ማርሴይ ሞተ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ባለ ፎቁ የእንጨት ቤት ግን ራምቦ የኖረበት አይደለም። ከእርሱ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። ይህን ማወቅ ጉብኝቱን አያደበዝዘውም። የተቀባው ጣሪያ፣ ባለ ቀለም መስታወቶቹና በላይኛው ፎቅ የሚታዩት የድሮዋ ሐረር ፎቶግራፎች በራሳቸው የሚታዩ ናቸው። ከመስኮቶቹም የከተማዋን ጣሪያዎች እስከ ግንቡ ማየት ይቻላል።

ሁለተኛው የራስ ተፈሪ ቤት ነው። ይህም የህንድ ነጋዴ ሥራ መሆኑን ከበሩ በላይ የተቀረጸው የዝሆን ራስ ያለው የሂንዱ አምላክ ጋኔሽ ምስል ይመሰክራል። ቤቱ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ተፈሪ መኮንን ወይዘሮ መነንን ካገቡ በኋላ የጫጉላ ጊዜያቸውን እንዳሳለፉበት ይነገራል። ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም ይገኝበታል። በእጅ የተጻፉ ቁርዓኖችና መጻሕፍት፣ የሐረሪ፣ የአርጎባ፣ የኦሮሞና የሶማሌ ጌጣጌጦች፣ የጦር መሣሪያዎች እንዲሁም ሐረር ራሷ ያሳተመቻቸው ሳንቲሞች ተሰብስበውበታል። የሐረር አሚሮች ሳንቲም «መሐለቅ» ይባል ነበር። የራሷን ገንዘብ ያሳተመች፣ የራሷን መጽሐፍ የምትጠርዝ ከተማ እንደነበረች ለማሳየት ከዚህ ሙዚየም የሚሻል ቦታ የለም። ጊዜ ያጠረው ጎብኚ ከሁለቱ ቤቶች አንዱን ይምረጥ ቢባል ይህኛውን መምረጥ አለበት።

ጊዲር መጋላ

መኪና ግርግር የሚያበቃው ጊዲር መጋላ፣ ማለትም ትልቁ ገበያ፣ ላይ ነው። የከተማዋ እምብርት ይህ ነው። ወደ በሮቹ የሚወስዱት ዋና ዋና መንገዶች ከዚህ ስለሚወጡ በጁገል የጠፋ ሰው ወደ ጊዲር መጋላ ከተመለሰ መንገዱን አገኘ ማለት ነው። ከኤረር ሸለቆና ከዙሪያው ገጠር የሚመጡ ኦሮሞ ሴቶች ማንጎ፣ ሎሚ፣ ማገዶና ቅጠላ ቅጠል ይሸጣሉ። ሐረሪዎችና ኦሮሞዎች በዚህ ገበያ ለዘመናት ሲገበያዩ ስለኖሩ የሁለቱንም ቋንቋ የሚችለው ሰው ብዙ ነው።

በሥጋ ሱቆቹ ጣሪያ ላይ ጭልፊቶች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ከሉካንዳ ሥጋ ገዝቶ በእጁ ከፍ አድርጎ የያዘ ሰው ጭልፊቱ ወርዶ ከጣቱ ሲነጥቀው ያያል። ዘንቢሉን ከፍቶ የሚሄድ ሰውም ሳይፈልግ ያንኑ ያያል።

ከገበያው ደቡብ ጃሚ መስጊድ፣ የከተማዋ ትልቁ መስጊድ፣ ይገኛል። ሙስሊም ያልሆነ ጎብኚ ከውጭ አይቶት ያልፋል። ዓርብ ቀትር በዙሪያው ያሉት መንገዶች በሰጋጅ ስለሚሞሉ በዚያ ሰዓት በዚህ በኩል አለማለፍ ጨዋነት ነው። በሌላው አቅጣጫ ደግሞ የአሚር ኑር መቃብር አለ። ግንቡን ያሠሩት ሰው ያረፉት ጉልላቱ ጉጥ ጉጥ ባወጣ፣ የንብ ቀፎ በሚመስል አረንጓዴ ትንሽ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ግንብ ላሠራ ሰው መቃብሩ በጣም ትንሽ ነው።

ሰፈሮቹ

ከገበያው እንደወጡ መንገዱ ይጠባል፤ ከዚህ በኋላ አስጎብኚ የሚያስፈልግበት ምክንያት ግልጽ ይሆናል። ጁገል በአምስቱ በሮች ስም በአምስት ክፍል ይከፈላል። እያንዳንዱ ክፍል ደግሞ «ቶያ» በሚባሉ ትንንሽ ሰፈሮች ይከፋፈላል። ቶያው ብዙውን ጊዜ ስሙን የሚያገኘው በውስጡ ካለ መስጊድ ወይም ከአንድ ወሊይ መቃብር ነው። በቶያው ውስጥ የሚያልፈው ስርጥ «ኡጋ» ይባላል። ኡጋው በሁለት በኩል በቤቶች የግቢ ግንብ የታጠረ ስለሆነ መስኮት አይታይበትም፤ የሚታየው በኖራ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ የተቀባ ግድግዳና የተዘጋ በር ነው። ቀለሙ ለበዓልና ለሠርግ ስለሚታደስ መንገዱ ዓመት ዓመቱን መልኩን ይለውጣል። አንዳንዱ ኡጋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም።

ሰፈርተኛውን የሚያያይዘው ማኅበር «አፎቻ» ነው። ከዕድር ጋር ይመሳሰላል፤ ለኀዘንም ለሠርግም ይደርሳል፤ የወንዶችና የሴቶች አፎቻ ለየብቻ ነው። በጁገል ውስጥ አንድ ቤት መግዛት ቀላል ሊሆን ይችላል። አፎቻ የሌለው ሰው ግን ሙሉ ሰፈርተኛ ሆኖ አይቆጠርም።

ዩኔስኮ በጁገል 82 መስጊዶችና 102 የወሊይ መቃብሮችና መዘየሪያዎች እንዳሉ መዝግቧል፤ ከመስጊዶቹ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆኑ ይገልጻል። ብዙዎቹ መስጊዶች ሃያ ሠላሳ ሰው ከሚይዝ ክፍል የማይበልጡ ስለሆኑ ጎብኚው ሳያውቃቸው ያልፋል። ሐረር «የወሊዮች ከተማ» የምትባለው በመዘየሪያዎቹ ምክንያት ነው። ወንዱ ወሊይ «አው»፣ ሴቷ «አይ» የሚል የአክብሮት ስም ይቀድማቸዋል፤ አይ አቢዳን የመሳሰሉ ሴት ወሊዮችም መዘየሪያ አላቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ክብር የሚሰጠው ለሼኽ አባድር ነው። በትውፊት ከአረብ አገር ከተከታዮቻቸው ጋር መጥተው ከተማዋን ያደራጁት እርሳቸው ናቸው። በመቃብራቸው ዙሪያ ሐሙስ ማታ ዚክር ይደረጋል፤ ጫትና ቡና ይቀርባል። ጎብኚ ጫማውን አውልቆ፣ ጸጉርና ትከሻ ተሸፍኖ፣ በጠባቂው ፈቃድ ሊገባ ይችላል። ፎቶግራፍ ማንሳት ግን ሌላ ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው።

የሐረሪ ቤት

የጉብኝቱ ማዕከል መሆን ያለበት አንድ ቤት መግባት ነው። «ጌይ ጋር»፣ የከተማ ቤት፣ ከውጭ ምንም አይናገርም። አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤት ነው፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ በሩ ወደ ግቢው እንጂ ወደ መንገዱ አይከፈትም። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሊኖር ይችላል።

በሩ የሚያስገባው ወደ «ጊዲር ጋር»፣ ትልቁ ክፍል፣ ነው። ወንበር የለውም። ወለሉ ራሱ «ነደባ» በሚባሉ አምስት ከፍታቸው የተለያየ መደቦች ተሠርቷል፤ ሰውም የሚቀመጠው በማዕረጉ ነው። የአባወራው ወይም የተከበረ እንግዳ ቦታ «አሚር ነደባ» ነው። ከዚያ የተቀመጠ ሰው በሩን ቀጥታ ስለሚያይ የሚገባውን ሁሉ ያያል። «ጊዲር ነደባ» ለጉባኤውና ለሌሎች እንግዶች ነው፤ «ቲት ነደባ» ለታናናሾች፤ «ሱትሪ ነደባ» የተከለለው መኝታ፤ «ገብቲ ኤሐር ነደባ» ደግሞ ከበሩ ጀርባ ያለው ነው። ይህ ሥርዓት ከአሚሩ አደባባይ እስከ ጓዳ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ አሚር አለው።

መደቡና ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባል። ቀይነቱ በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማሰብ ነው ተብሎ በሰፊው ይነገራል። ግድግዳው ላይ ያሉት ጎድጓዳ መደርደሪያዎች ቁርዓን፣ መጻሕፍትና የሸክላ ሳህን ይይዛሉ። ከእነርሱ በላይ በእናትና በልጅ እጅ የተሰፉ ባለ ቀለም ሰፌዶችና የእንጨት ገበታዎች በተራ ይሰቀላሉ። አሰቃቀሉ ሥርዓት ስላለው የቤት እመቤት የጎደለውን አንድ ቁራጭ ወዲያው ታውቃለች። ከበሩ በላይ ባለው እንጨት ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከታየ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። ከትልቁ ክፍል ጎን ያለችው ጠባብ «ኪርታጥ» አዲስ ሙሽሮች የመጀመሪያውን ሳምንት ከሰው ተለይተው የሚያሳልፉባት ናት።

እነዚህ ቤቶች ቁጥራቸው እየቀነሰ ነው። ባለቤቶቹ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ካናዳና ወደ አሜሪካ የሄዱባቸው አሉ። ቤተሰብ ሲበዛ ግቢው ይሸነሸናል፤ ጠፍጣፋው የጭቃ ጣሪያ በየዓመቱ ጥገና ስለሚፈልግ በቆርቆሮ ይተካል፤ ሲሚንቶም የድሮውን ግድግዳ እርጥበት እንዳይወጣ አፍኖ ይሰነጥቀዋል። በእንግዳ ማረፊያነት የሚያገለግሉና ለጎብኚ ክፍት የሆኑ ነባር ቤቶች ስላሉ የመግቢያ ወይም የቡና ገንዘብ መክፈል ጥገናውን በቀጥታ ያግዛል። ውኃም ሌላው ችግር ነው። ለረጅም ጊዜ የከተማዋን ውኃ ያቀርብ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ውኃ ከድሬዳዋ አካባቢ እስከ መሳብ ተደርሷል። ጎብኚው በየደጃፉ የሚያያቸው ቢጫ ጀሪካኖች ለዚህ ምስክር ናቸው።

ከግንቡ ውጭ፣ ሲመሽ

አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ ጉብኝቱን ቀትር ላይ አቋርጠው ማታ ከግንቡ ውጭ ይቀጥሉታል። በፈላና በር በኩልና በሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ጅብ የሚያበሉ ሰዎች አሉ። ጅቦቹን በየስማቸው ይጠሯቸዋል፤ ሥጋውን በአጭር እንጨት፣ አንዳንዴም በአፋቸው ይዘው ይሰጧቸዋል። ጎብኚ ከፍሎ ይመለከታል፤ የደፈረም ያበላል። በዚህ መልክ በየማታው ለተመልካች ማብላት የ20ኛው ክፍለ ዘመን ልማድ ነው፤ እንደ ጥንታዊ ሥርዓት ተደርጎ መነገሩ ልክ አይደለም።

የቆየው ሥርዓት ሌላ ነው። በዓሹራ ቀን፣ በእስላማዊው ዓመት የመጀመሪያ ወር በአሥረኛው ቀን፣ ቅቤ የበዛበት ገንፎ ተሠርቶ ለጅቦች ይቀርባል። አበላላቸውም የመጪው ዓመት ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ ጥሩ ከበሉ ዓመቱ መልካም ነው፤ ትተውት ከሄዱ ክፉ ነው። ትውፊቱ በድሮ ጊዜ ረኀብ ሆኖ ጅብ ሰው መብላት በጀመረ ጊዜ ከከተማዋ ሰዎች ጋር በገንፎ ታረቀ ይላል። በወሊዮቹ ከተማ ጅብም ቃል ኪዳን አለው።

ሌላው ከግንቡ ጋር የተያያዘ በዓል ሹዋሊድ ነው። ከረመዳን ፍቺ በኋላ የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ሲያበቃ ወጣቶች በአዳዲስ ልብስ ወጥተው ይዘፍናሉ፤ ብዙ ትዳር የሚታሰበውም በዚያ ምሽት ነው። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በዚያ ሰሞን የሚመጣ ጎብኚ አስቀድሞ ማረፊያ መያዝ አለበት፤ በውጭ አገር ያሉት ሐረሪዎች ስለሚመለሱ በጁገል ውስጥ ያሉት ጥቂት የእንግዳ ክፍሎች ቶሎ ይሞላሉ።